ኖራው ታጥቦ ወጥቷል፤ ታዲያ ዓይኑን የሚበላው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ፒያሳ አካባቢ በሚገነባ ሕንፃ ላይ ልስን ይሠራል። ኖራ ሲበጠብጥ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ፈነጠቀበት። ጓደኞቹ ወዲያው በሃይላንድ ውሃ አጠቡት፤ ሆስፒታልም እንደደረሰ በሳላይን ለረጅም ጊዜ ታጠበ። በመጀመሪያው ሳምንት እየተሻለው ነበር፤ ቅላቱ ቀነሰ፣ ሕመሙም ተወው። በ15ኛው ቀን ለቀጠሮ ስንሄድ ግን ሐኪሟ ‹ኮርኒያው እየሳሳ ነው፣ ኢንዛይም እየበላው ነው› አሉን። መርምረው ኢንፌክሽን የለበትም ካሉ በኋላ ዶክሲሳይክሊንና ብዙ ቫይታሚን ሲ አዘዙ፤ ሲያስታግስለት የነበረውን የስቴሮይድ ጠብታ ደግሞ ቀነሱበት። ኬሚካሉ ከወጣ ምን እየበላው ነው? ኢንፌክሽን ከሌለ አንቲባዮቲክ ለምን? የቀነሱበትን ጠብታ ከፋርማሲ ገዝተን ብንቀጥልስ? ጎረቤቶች ጸበል ውሰዱት እያሉን ነው። ወደ ሥራውስ መቼ ይመለሳል?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ዛሬውኑ ለሚያስፈልግዎ ነገር መልስ ልስጥ፤ ምክንያቱን ቀጥዬ አስረዳለሁ። ዶክሲሳይክሊኑን አያቋርጥ። የስቴሮይድ ጠብታውን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጨምሩበት። ኮርኒያውን አሁን የሚበላው ኖራው አይደለም፤ የገዛ ሰውነቱ የሚያመርታቸው ኢንዛይሞች፣ ማለትም ሌላ ፕሮቲን የሚቆራርጡ ፕሮቲኖች፣ ናቸው። ሐኪሟ መድኃኒቱን የቀየሩትም በትክክለኛው ሰዓት ነው። በኬሚካል ለተቃጠለ ዓይን ከመጀመሪያው ቀን ቀጥሎ የሚያሰጋው ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ነው። ቅላቱ ሲቀንስ «ዳነ» ተብሎ ቀጠሮ የሚቀረውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ሰሞን ነው። እናንተ መሄዳችሁ በጀ።

ኮርኒያ ከዓይን ፊት ለፊት ያለው፣ ብርሃን የሚያስገባው ጥርት ያለ ክፍል ነው። መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ዘጠና በመቶ ገደማው ስትሮማ የሚባለው ንጣፍ ነው። ስትሮማ የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው፤ ቃጫዎቹ 200 በሚደርሱ ስስ ንጣፎች ተደርድረዋል። ጥራቱን የሚሰጠው ቃጫዎቹ ውፍረታቸውም በመሐላቸው ያለው ርቀትም የተስተካከለ መሆኑ ነው። የደም ሥር የለውም። በንጣፎቹ መሐል ኬራቶሳይት የሚባሉ ሕዋሳት ተበታትነው ይኖራሉ፤ ኮላጅን የሚሠሩትም የሚጠግኑትም እነሱ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አምስት ስድስት ረድፍ ሕዋስ ያለው ስስ የላይኛው ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን በሳምንት ገደማ ራሱን ያድሳል፤ አዲሶቹ ሕዋሳት የሚወለዱት በጥቁሩና በነጩ የዓይን ክፍል ድንበር ላይ ካሉ ስቴም ሴሎች ነው። ይህን ድንበር ያስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ኖራው ስንመጣ፣ የተበጠበጠ ኖራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከ12 በላይ ይወጣል። ሲሚንቶም ከዚያ አይርቅም። አሲድ ዓይን ውስጥ ሲገባ የላይኛውን ፕሮቲን ያረጋዋል፤ የረጋው ፕሮቲንም አሲዱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል (ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ከዚህ ውጪ ነው፣ እሱ ይዘልቃል)። አልካሊ፣ ማለትም እንደ ኖራ ያለው የአሲድ ተቃራኒ፣ ግን የሕዋሱን ግድግዳ ስብ ወደ ሳሙና ለውጦ በመክፈት ወደ ውስጥ ይገባል። አሞኒያ በሰከንዶች፣ ኮስቲክ ሶዳ በደቂቃዎች ውስጥ ከኮርኒያ ጀርባ ያለው ፈሳሽ ዘንድ ይደርሳሉ። ኖራ በዝግታ ነው የሚሄደው፤ ከስቡ ጋር ሲዋሐድ የማይሟሟ የካልሲየም ሳሙና ስለሚፈጥር መንገዱን ራሱ ላይ ይዘጋል። መጥፎነቱ ሌላ ነው። ፍርፋሪው ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ተለጥፎ ይቀርና ለሰዓታት እየሟሟ ይፈስሳል። ስለዚህ ኖራ የገባበትን ዓይን ማጠብ ብቻውን አይበቃም፤ ቆቡን ሁለት ጊዜ ገልብጦ በጥጥ መጥረግ ያስፈልጋል። የወንድምዎ ሐኪሞች ይህን ሳያደርጉ አልቀሩም፤ ቢሆንም በሚቀጥለው ቀጠሮ መጠየቁ ነውር የለውም።

ኖራ ኮላጅንን ምን እንደሚያደርገው ለማየት ከአቃቂ እስከ ሞጆ ካሉት ቆዳ ፋብሪካዎች አንዱን ማሰብ ይበቃል። ቆዳም እንደ ኮርኒያ አብዛኛው አካሉ ኮላጅን ነው። ፋብሪካው ጥሬውን ቆዳ ኖራ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ቃጫው ያብጣል፣ ይላላል፣ ፀጉሩ ይለቃል። ኖራው ከታጠበ በኋላ ደግሞ ለማለስለስ ኢንዛይም ይጨመርበታል። ወንድምዎ ዓይን ላይ የሆነው ይኸው ቅደም ተከተል ነው፤ ልዩነቱ ኢንዛይሙን ከውጭ የሚያመጣ ሰው አለመኖሩ ነው። የሚያመጡት የራሱ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው።

እነዚህ ሕዋሳት ኒውትሮፊል ይባላሉ። ሥራቸው ጉዳት ወደደረሰበት ቦታ ቀድሞ መድረስ፣ ባክቴሪያ መዋጥ፣ ፍርስራሽ መጥረግ ነው። በአልካሊ ወደተቃጠለ ኮርኒያ በሁለት ማዕበል ይገባሉ። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ውስጥ ይደርስና ይበርዳል። ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ ጀምሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ጣራው ላይ ይወጣል። የ15ኛው ቀን ቀጠሯችሁ ያረፈው እዚህ መሐል ነው። ምን ይጠራቸዋል ቢሉ፣ አንዱ ጠሪ ራሱ የተሰባበረው ኮላጅን ነው። አልካሊ ኮላጅንን ሲያፈርስ ከሚወጡት ቁርጥራጮች ውስጥ ፕሮሊን፣ ግላይሲንና ፕሮሊን የተያያዙባቸው በጣም ትንንሽ ሰንሰለቶች አሉ፤ እነዚህ ኒውትሮፊልን ይስባሉ። ኒውትሮፊሉ ይመጣል፣ ኢንዛይሙን ይለቃል፣ ኮላጅን ይቆረጣል፣ አዲስ ቁርጥራጭ ይወጣል፣ ሌላ ኒውትሮፊል ይጠራል። ኖራው ከወጣ ሁለት ሳምንት ቢያልፈውም ነገሩ በራሱ ጊዜ የሚሽከረከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንዛይሞቹ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባል ቤተሰብ አባላት ናቸው። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ውብ ነው። ሙሉ ለሙሉ የተጠመዘዘ የኮላጅን ገመድ ተራ ኢንዛይም አይደፍረውም፤ ሦስት ክሮች አጥብቀው ስለተገመዱ መቁረጫ ቦታ አያገኝም። ይህን ገመድ የሚቆርጥ ኢንዛይም በእንስሳት ገላ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ጄሮም ግሮስና ሻርል ላፒዬር ጭራው እየሟሸሸ ወደ እንቁራሪትነት በሚለወጥ የእንቁራሪት ግልገል ላይ አገኙት። የግልገሉ ጭራ የት እንደሚገባ ልጅ ሆኖ ያልጠየቀ የለም መቼም፤ መልሱ ኮላጅኔዝ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ይኸው ኢንዛይም በአልካሊ ከተቃጠለ ኮርኒያ ተለቅሞ ወጣ።

ኮላጅኔዝ ገመዱን የሚቆርጠው በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ነው፤ ሦስት አራተኛው በአንድ በኩል፣ አንድ አራተኛው በሌላ በኩል ይቀራል። የተቆረጡት ጫፎች በሰውነት ሙቀት መጠምዘዛቸውን ይፈታሉ፣ ጄላቲን ይሆናሉ። ከዚያ ጄላቲኔዝ የሚባሉት የቤተሰቡ ሌሎች አባላት ገብተው የቀረውን ያደቅቁታል። አንደኛው ኮላጅኔዝ ኒውትሮፊል ከረጢት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሌላውን የሚያመርቱት የኮርኒያው የራሱ ኬራቶሳይቶች ናቸው፤ አምርቱ የሚል መልእክት የሚደርሳቸው ደግሞ ከተጎዳው የላይኛው ሽፋን ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጣም ስለሚጠቅመን ኋላ እናነሳዋለን።

የእነዚህ ኢንዛይሞች ልብ ዚንክ ነው። መቁረጫቸው መሐል አንድ የዚንክ አቶም ተቀምጧል፤ ያለ እሱ አይቆርጡም። ሲመረቱም ተቆልፈው ነው፤ የራሳቸው አካል ቅጣይ ዚንኩን ሸፍኖ ይይዘዋል። ቁልፉን ፕላዝሚን የመሳሰሉ ሌሎች ኢንዛይሞች ይከፍቱታል። ከተከፈቱ በኋላም ቢሆን ሰውነት የራሱ ልጓም አለው፤ ዚንኩ ላይ ተለጥፈው ሥራ የሚያስቆሙ ፕሮቲኖችን ያመርታል። በጤናማ ዓይን መቁረጫውም ልጓሙም ተመጣጥነው ይኖራሉ። በተቃጠለ ዓይን መቁረጫው ይበዛል፣ ልጓም የሚሠሩት ሕዋሳት ግን ከፊላቸው ሞተዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን እንዳይሳሳቱ እፈልጋለሁ። ኢንዛይሙ ጠላት አይደለም። የተበላሸ ኮላጅን ካልተጠረገ አዲስ አይተከልም፤ ሕዋሳት ወደ ቁስሉ የሚጓዙትም በከፊል እነዚህ ኢንዛይሞች መንገድ ሲጠርጉላቸው ነው። ስለዚህ የሕክምናው ሐሳብ ኢንዛይሙን ማጥፋት ሳይሆን የሚፈርሰው ከሚሠራው እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። የወንድምዎን መድኃኒቶች አንድ በአንድ ያየናቸው እንደሆነ ሁሉም እዚህ ሚዛን ላይ የሚቀመጡ ናቸው።

ዶክሲሳይክሊን ከቴትራሳይክሊን ቤተሰብ ነው። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትን በትራኮማ ምክንያት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ «አንቲባዮቲክ ነው» ብለው መደንገጥዎ አይገርመኝም። ይህ ቤተሰብ ግን ሁለተኛ ሙያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሎርን ጎለብ የተባሉ የጥርስ ሳይንስ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የስኳር ሕመም ባለባቸው አይጦች ድድ ላይ ሲሠሩ፣ ከዚህ ቤተሰብ የሆነው ሚኖሳይክሊን ኮላጅኔዝን እንደሚገታ አሳዩ። ባክቴሪያ በሌለበትም ይገታል። ምክንያቱ ከላይ ያነሳሁት ዚንክ ነው፤ ሞለኪውሉ ብረታ ብረትን ይይዛል፣ ኢንዛይሙን ከመቁረጫው ያሰናክለዋል። የኒውትሮፊልንም ግልቢያ ያበርዳል። የወንድምዎ ሐኪም ያዘዙት ለዚህ ሙያው ነው።

ከዚህ ሦስት ተግባራዊ ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ለኢንፌክሽን እንደሚወሰድ መድኃኒት በሳምንት የሚያበቃ አይደለም፤ ሐኪሟ በቃ እስኪሉ ሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። የመጀመሪያው ፓኮ ሲያልቅ ሳይቋረጥ ቀጣዩን ይግዙ። ሁለተኛ፣ ብረት መያዙ ሆድ ውስጥም ይሠራል፤ ከወተት፣ ከብረት ኪኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ ያቆስላል። ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ይበል እንጂ ውጦት ወዲያው አይተኛ። ባዶ ሆድ ላይ ካቅለሸለሸው ከምግብ ጋር ይውሰድ፤ የሚጾም ከሆነ የመዋጫውን ሰዓት ከሐኪሟ ጋር ይነጋገርበት እንጂ በራሱ አንዱን አያስቀር። ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ስለሚያደርግ ኮፍያ አይርሳ። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንደማይሰጥም እግረ መንገዴን ልናገር፤ የተረፈ ኪኒን በየቤቱ እንደሚዞር አውቃለሁ።

ቫይታሚን ሲ በሌላኛው የሚዛን ጎን ነው፤ የሚሠራውን ወገን ያግዛል። ኬራቶሳይት ኮላጅን ሲገምድ ክሮቹ አጥብቀው እንዲያያዙ የሚያደርገው ኬሚካላዊ እርምጃ ያለ ቫይታሚን ሲ አይሄድም። ጤናማ ዓይን ይህን ያውቅ ይመስል በኮርኒያ ጀርባ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ቫይታሚን ሲን ከደም 20 እጥፍ ገደማ አድርጎ ያከማቻል። ይህን የሚቀዳው ሲሊያሪ የሚባለው የዓይን አካል ነው፤ አልካሊ ከዘለቀ ይጎዳል፣ ክምችቱም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1976 ሌቪንሰን፣ ፓተርሰንና ፊስተር ጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ጥናት ቫይታሚን ሲ የተሰጣቸው እንስሳት በአልካሊ ከተቃጠሉ በኋላ ኮርኒያቸው የመቁሰልና የመበሳት ዕድሉ በጣም ቀነሰ። የሚገርመኝ የጥንቸሉ ነገር ነው፤ ጥንቸል እንደ እኛ ከምግብ አትጠብቅም፣ ቫይታሚን ሲን ራሷ ታመርታለች። ሰውነቷ ሞልቶት ዓይኗ ብቻ ይራባል ማለት ነው። ስለዚህ «ጥሩ ይበላል እኮ» የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም። በዚህ ሕመም በቀን እስከ 2 ግራም የሚደርስ መጠን በአፍ ይታዘዛል፤ ያን ያህል ከብርቱካን ለማግኘት በየቀኑ ወደ 30 ፍሬ መብላት ነው። ኪኒኑ ይሻላል። አንዴ ከመዋጥ ከፋፍሎ መውሰዱ ደግሞ አንጀት የሚቀበለውን ይጨምራል። የኩላሊት ጠጠር ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮት ከሆነ ግን ለሐኪሟ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሎሚ ዓይኑ ውስጥ ጠብ ማድረግ ቫይታሚን ሲ መስጠት አይደለም። ይህን የምጽፈው የሚያደርግ ሰው ስላለ ነው።

አሁን የጠብታው ጉዳይ። ሰዎች በጣም የሚሳሳቱበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ስቴሮይድ፣ ማለትም ዴክሳሜታዞንም ሆነ ፕሬድኒሶሎን፣ በመጀመሪያዎቹ ከ7 እስከ 10 ቀናት ትልቅ ባለውለታ ነው። የኒውትሮፊልን ማዕበል ያበርዳል፣ ብግነቱን ይይዛል። ወንድምዎ የተሻለው በእሱ ነው። ጥገናው በሚጀመርበት በሁለተኛው ሳምንት ግን ያው መድኃኒት ኬራቶሳይቱ አዲስ ኮላጅን እንዳይሠራና የላይኛው ሽፋን እንዳይገጥም እጅ ያስራል። የሚፈርሰው እየፈረሰ የሚሠራው ሲቆም ኮርኒያው ይሳሳል። ይባስ ብሎ ዓይኑ አይቀላም፣ አያምም፤ ታማሚው «ደህና ነኝ» እያለ ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ የላይኛው ሽፋን ካልገጠመ ሐኪሞች ከአሥረኛው ቀን ግድም ጀምሮ ይቀንሱታል። ቫይታሚን ሲ አብረው እየሰጡ በጥብቅ ክትትል ትንሽ የሚያራዝሙም አሉ፤ እኔ አልቃወማቸውም። ነገር ግን ያ ውሳኔ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ዓይኑን በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው ውሳኔ ነው። ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ የሚወሰን አይደለም። ስቴሮይድና አንቲባዮቲክ የተቀላቀለባቸው ጠብታዎች ያለ ማዘዣ ሲሸጡ ማየት በከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ አንቲባዮቲክ የሚል ስላለ ብቻ ምንም ጉዳት የለውም ብላችሁ እንዳትወስዱት። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ግፊት መጨመሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በአልካሊ የተቃጠለ ዓይን ለግላኮማ አስቀድሞም የተጋለጠ ነው።

ለሕመሙ ሁለት ጠብታዎች ቤታችሁ አይግቡ። አንዱ ማደንዘዣው ነው፤ ሐኪም ለምርመራ አንዴ የሚያደርገውን ወስዶ ቤት መደጋገም የላይኛውን ሽፋን ይገድለዋል። ሌላው ዳይክሎፌናክና የመሳሰሉት የሕመም ማስታገሻ ጠብታዎች ናቸው፤ ሽፋን በሌለው ኮርኒያ ላይ መሳሳትንና መበሳትን ሊያስከትሉ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ይዋጥ። ሐኪሟ አትሮፒን ዓይነት ጠብታ ካዘዙለትም ራሱን የቻለ ማስታገሻ ነው፤ ለቅርብ ማንበብ ቢያደበዝዝበትና ብርሃን ቢረብሸው አትደንግጡ።

ከመድኃኒቱ ሁሉ በላይ የምመለከተው ግን የላይኛው ሽፋን ገጥሟል ወይ የሚለውን ነው። ኬራቶሳይትን «ኮላጅኔዝ አምርት» የሚለው መልእክት ከተጎዳው ሽፋን እንደሚመጣ ቀደም ብዬ ብያለሁ። ሽፋኑ ሙሉ ለሙሉ ሲገጥም ይህ መልእክት ይቆማል፣ ከእንባ ጋር የሚገባው ኢንዛይምና ኒውትሮፊልም መንገዱ ይዘጋል፤ መሳሳቱ በአብዛኛው እዚያ ላይ ይቆማል። ሐኪሟ ቢጫ ማቅለሚያ ጠብ አድርገው በሰማያዊ መብራት ሲያዩ የሚያበራው አረንጓዴ ቦታ ሽፋን የሌለው ነው። «ከባለፈው ጠቧል ወይስ አልጠበበም?» ብለው ይጠይቁ። እኔ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጥያቄ ብቻ ፍቀድ ብባል ይህን ነበር የምሰጠው።

ሁለተኛ ጥያቄ ካለዎት ስለዚያ ድንበር ይጠይቁ። ስቴም ሴሎቹ ያሉበት ድንበር በደም ሥር የሚመገብ ነው፤ አልካሊ ሲያቃጥለው ደሙ ተቋርጦ ነጭ ይሆናል። ዓይኑ «አልቀላም» ተብሎ ደስ የሚባልበት ጊዜ አንዳንዴ ይህ ነው፤ ነጭነቱ የሞት ነጭነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በሐኪሞች ዘንድ በሚሠራበት የሮፐር ሆል ምደባ፣ ከድንበሩ ዙሪያ ሲሶው ሳይሞላ ብቻ ከነጣ ተስፋው ጥሩ ነው፤ ከግማሽ በላይ ከነጣ ከባድ ነው። ሽፋን የሚወልደው ቦታ ከሞተ ጠብታ ብቻውን አይገጥመውም። ያን ጊዜ ፋሻ የሚሆን ለስላሳ ሌንስ ማድረግ፣ ከራሱ ደም ተለይቶ የወጣ ሴረም (የደሙ ጥርት ያለ ፈሳሽ) ማንጠብ፣ ከእንግዴ ልጅ የተገኘ ስስ ሽፋን መስፋት፣ ወይም የዓይን ቆቡን ከጎን በኩል በከፊል ሰፍቶ ማጥበብ ይመጣል። ቆብ መስፋት ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ተመልሶ የሚፈታ ነው፣ እንደ እኔ ደግሞ ባለን አቅም ካሉን መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹና ታማኙ ነው። መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ሰው ሠራሽ እንባ ቶሎ ቶሎ ማድረግም እንደ ተራ ነገር አይታይ።

ቀዳዳ ከተፈጠረ ትንሹ በልዩ ማጣበቂያ ይያዛል፤ ትልቁ ንቅለ ተከላ ይፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ኮርኒያ የሚሰበስበው የዓይን ባንክ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ነገር ግን ብግነት ላይ ባለ ዓይን የተተከለ ኮርኒያ ብዙ ጊዜ አይበረክትም። ሐኪሞች ከቻሉ ዓይኑ ከረጋ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከዓመት ወዲያ መሥራትን የሚመርጡት ለዚህ ነው። የድንበሩ ስቴም ሴል ካለቀ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ከጤነኛው ዓይን ተወስዶ መተከል አለበት፤ አለዚያ አዲሱም ኮርኒያ ሽፋን ያጣል።

ጸበሉን በተመለከተ፣ እምነታችሁን አልነካም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሽፋን የሌለው ኮርኒያ ያልተቀቀለ ውሃ ውስጥ ላለ ጀርም የተከፈተ በር ነው፣ እሱም የሳሳ ነው፣ ኢንፌክሽን ከተጨመረበት ባክቴሪያው የራሱን ኢንዛይም ይዞ ይመጣል። ለአባ ሁኔታውን ንገሯቸው፤ ዓይኑ ተሸፍኖ ከአንገት በታች ይጠመቅ፣ ፊቱ ላይ አይረጭ። ብዙ ካህናት ይህን ሲነግሯቸው ይረዳሉ። ማር፣ ቅቤና የእናት ጡት ወተት ላይም መልሴ ያው ነው።

ሌሊትም ቢሆን የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ፦ ድንገት ሞቅ ያለ ፈሳሽ በጉንጩ ላይ መውረድ፣ እይታው በአንዴ መውረድ፣ ኮርኒያው ላይ ጥቁር ነጥብ መታየት፣ ክብ የነበረው የብርሃን ቀዳዳ ወደ አንድ ጎን መሳብ። ከነዚህ አንዱ ከታየ ዓይኑን አትጫኑ፣ አትጠቡ፣ ጠብታና ቅባት አትጨምሩ። የፕላስቲክ ኩባያ ቂጥ ቆርጣችሁ ዓይኑን ሳይነካ አጥንቱ ላይ አስደግፋችሁ በፕላስተር ያዙትና ከፒያሳ በአራት ኪሎ በኩል ምኒልክ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል በመንገድ ላይ ምንም አይብላ፣ አይጠጣ። ከዚያ ውጪ ባለው ጊዜም እንዳያሸው ማታ ማታ ያንኑ መከለያ አድርጎ ይተኛ።

ለሥራ ጓደኞቹ ደግሞ ይንገሩልኝ፤ ያንን ሃይላንድ ውሃ ባያፈስሱበት ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለመሳሳት አይሆንም ነበር። ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ በረኪና፣ የባትሪ አሲድ፣ የትኛውም ቢሆን መልሱ ውሃ ነው፤ ንጹሕ ከሆነ የቧንቧም የሮቶም ይሆናል፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት፣ ቆቡን በጣት ከፍቶ። አልካሊን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ «ማምከን» የለም። ሆስፒታል ለመድረስ ብሎ ማጠቡን ማቋረጥም የለም። በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ሳይት ላይ ለዓይን ማጠቢያ ብቻ የተቀመጠ ጀሪካን መኖሩ የአሠሪው ግዴታ መሆን አለበት እላለሁ። ከመንገድ አሻግሬ ሳይቶቹን ስመለከት ሄልሜት የሌለው ሠራተኛ እምብዛም አላይም፤ መነጽር ያደረገ ግን ፈልጌ ነው የማገኘው። ኖራ ግን አናት ላይ ጉዳት አያደርስም።

ወደ ሥራ መመለሱን በተመለከተ፣ ሽፋኑ ገጥሞ መሳሳቱ ቆሟል እስኪባል ድረስ አቧራ፣ ሲሚንቶና ከባድ ሸክም የለም። ከዚያም በኋላ የሚተካው ኮላጅን ጥንካሬውን የሚያገኘው በወራት ነው፤ የተመታ ዓይን በዚያ መሐል በቀላሉ ይቀደዳል። በግራ ዓይኑ ብቻ ሲያይ ርቀት መገመት ስለሚያስቸግረው እንጨት መወጣጫ ላይ አይውጣ። አሠሪው ፈቃደኛ ከሆነ እስከዚያው በር ላይ ወይም መጋዘን ውስጥ ቢመድበው ይሠራል፤ ለዚህ የሚሆን የሕክምና ማስረጃ ሐኪሟ ይጽፉለታል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይጠይቋቸው።